የሚመለሰው ዓሣ



ውድ አንባቢያን፣ ባለፈው እትም በዚህ ዓምድ ስለ ልጆቻችን የዕረፍት ጊዜ አንስተን፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ መድረሳውም አብሮ አይዘጋ፣ ልጁም ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ታስሮ አይዋል ብለን ነበር። «ታዲያ የት ይሂድ?» የምትሉ ወላጆች እንደማትጠፉ እናውቃለን። ተገቢ ጥያቄ ነው። በዚህ ወር እስቲ ወደ ሐይቅ ዳር አብረን እንውረድ። የምናወጋችሁ ስለ ዓሣ ማጥመድ ነው፤ በዚያው ሰበብ ደግሞ እኛው መምህራችሁ ስለ ሠራነው አንድ ስሕተት ነው።

በምናስተምርባት በሐዋሳ ከተማ ሐይቁ የሁሉም ሰው ጎረቤት ነው። ስፋቱ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ጥልቀቱም ከፍተኛው ላይ ከ20 ሜትር ብዙም አያልፍም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ከእርሱ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ዙሪያውን የታጠረ ግቢ እንደማለት ነው። ያበላሸነው እዚያው ይቀራል፤ አለቅጥ ያወጣነውንም ዓሣ ሌላ ወንዝ አምጥቶ አይተካልንም። ይህንን ነገር ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

እሁድ እሁድ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወደ ዳርቻው የምንወርድ አምስት ጓደኛሞች አለን። አንዱ ልብስ ሰፊ ነው፤ አንዱ በጤና ጣቢያ የሚሠራ ነርስ ነው፤ አንዱ ባለ ሱቅ ነው። አራተኞቹ እኛ ነን። አምስተኛው ዕድሜያቸውን በዚህ ውሃ ላይ ያሳለፉ፣ አሁን ግን ጀልባቸውንና መረባቸውን ለልጆቻቸው ያስረከቡ አዛውንት ናቸው። እኚህ አባታችን ባይኖሩ ኖሮ እኛ አራታችን መንጠቆ ስናጥብ እንውል ነበር። ጠዋት ሐይቁ እንደ መስታወት ይተኛል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነስቶ ያናውጠዋል። ሲመሽ ደግሞ ጉማሬ ወደ ዳር ይወጣል። ስለዚህ የእኛ ሰዓት ማለዳው ነው፤ ለዙህር ሶላት ሁሉም ዕቃውን ሰብስቦ መስጊድ ይገኛል።

ባለፈው ዓመት በአሜሪካ አገር በጆርጂያ ግዛት የሚኖር አንድ የልጅነት ጓደኛችን ለዘመድ ጥየቃ መጥቶ ነበር። ወደ ሐይቁ ይዘነው ስንሄድ ከሻንጣው ውስጥ በአራት የተከፈለ ቀጭን ዘንግ አወጣና ገጣጥሞ አቆመው። በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ደግሞ ከላባና ከክር የተሠሩ፣ ከሩቅ ላያቸው ነፍሳት የሚመስሉ ጥቃቅን መንጠቆዎች ደርድሯል። «እዚያ ብሪም የምናጠምደው በዚህ በዝንቡ ነው» አለን።

ይህ ብሪም የሚሉት ስም እንደየአገሩ ይለያያል። በአውሮፓ ብሪም ከካርፕ ወገን የሆነ ዓሣ ነው። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ብሉጊል የተባለውን ጠፍጣፋ ዓሣና ዘመዶቹን ይጠሩበታል። በዛምቢያና በዚምባብዌ ያሉ አጥማጆች ደግሞ ብሪም የሚሉት የእኛኑ የቆሮሶን ዘመዶች ነው። «እንግዲያው ይህ ሐይቅ ብሪም ሞልቶታል ማለት ነው» ብሎ ባለ ሱቁ ወንድማችን አሳቀን።

የአጠማመዱ ዘዴ እንዲህ ነው። እኛ በለመድነው መንገድ ክሩ ጫፍ ላይ እርሳስ ወይም ሌላ ከባድ ነገር ይታሰራል፤ የሚወረወረው ክብደቱ ሲሆን ቀጭኑ ክር ተከትሎት ይሄዳል። የላባዋ ዝንብ ግን ክብደት የላትም። ስለዚህ ክብደቱ በራሱ በክሩ ላይ እንዲሆን ተደርጓል፤ ወፈር ያለ ክር ነው። ዘንጉ ወደ ኋላ ይነሣል፤ ክሩ ከጀርባ በአየር ላይ እስኪዘረጋ ለአፍታ ይጠበቃል፤ ከዚያ ወደ ፊት ሲመለስ ክሩ ተዘርግቶ ዝንቧን ውሃው ላይ ቀስ አድርጎ ያሳርፋታል። ምሥጢሩ ያለው በዚያች አፍታ ነው። የቸኮለ ሰው ክሩ አንገቱ ላይ ይጠመጠምበታል። ነርሱ ወንድማችን ሁለት ጊዜ የገዛ ቆቡን አጥምዷል።

ዘዴው የአሁን ዘመን ግኝት አይደለም። ከ1,800 ዓመታት ገደማ በፊት የኖረው ኤሊያን የተባለ የሮም ጸሐፊ፣ የመቄዶንያ ሰዎች መንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠምጥመው የአውራ ዶሮ ላባ እያከሉ ዓሣ ያጠምዱ እንደነበር መዝግቧል። ልብስ ሰፊው ወንድማችን ይህን ሲሰማ «ታዲያ ይህማ የእኛ ሙያ ነው» አለና በሚቀጥለው እሁድ ከሱቁ ክር፣ ከጎረቤት የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ይዞ መጣ። የሠራት ዝንብ ዝንብ አትመስልም ነበር። ቢሆንም በእርሷ የመጀመሪያውን ቆሮሶ የያዘው እርሱ ነው።

አዛውንቱ አባታችን ይህን ሁሉ ሸንበቋቸውን ይዘው በመሬት ትል እያጠመዱ ዝም ብለው ሲመለከቱ ቆዩ። የከነከናቸው የእንግዳችን ሌላ ልማድ ነበር። እንግዳችን የያዘውን ዓሣ ሁሉ ትልቅ ትንሽ ሳይል ከመንጠቆው ፈትቶ ወደ ውሃው ይመልሳል። አምስተኛውን ሲመልስ አባታችን ታገሡ ታገሡና፣ «ልጄ፣ አትበላውም?» አሉት።

«አልበላውም አባባ፤ ነፍሱን ልተውለት ብዬ ነው» አላቸው።

«ነፍሱን ልትተውለት ከሆነ ቀድሞ ለምን አፉን ወጋኸው?»

እንግዳችን መልስ አጣ። ሁሉም ወደ እኛ ዞሩ፤ መድረሳ ተቀምጠን ኪታብ የቀራነው እኛ ነን ብለው ነው። ፈትዋ መስጠት የእኛ ድርሻ እንዳልሆነ አስቀድመን ተናገርን። የምናውቀውን ያህል ግን እንዲህ አልን። ከውሃ የሚገኝ አደን ለምግብነት የተፈቀደልን መሆኑ በሱረቱል ማኢዳህ ተገልጿል፤ ዓሣም እንደ በግና ዶሮ መታረድ አያሻውም። በሌላ በኩል ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነፍስ ያለውን ነገር የዒላማ መለማመጃ ማድረግን ከልክለዋል። ፍጡርን ለጨዋታ ብቻ ማሠቃየት ልብ ሊባልበት የሚገባ ጉዳይ ነው። ስለዚህ የሚበላውን ያህል የያዘ ሰው ዘንጉን ቢሰቅል ይሻለዋል አልን። እንግዳችንም ቅን ሰው ነውና ተቀበለን። «እኛ አገር ግን መመለስ ያስፈለገው ያለምክንያት አይደለም» ብሎ በሚኖርበት ግዛት አንድ ሰው በቀን የሚወስደው የዓሣ ቁጥር በሕግ የተወሰነ መሆኑን ነገረን። አባታችንም በዚህ ተስማሙ። «የሚመለስ ዓሣማ አለ። ትንሹና እናቲቱ ይመለሳሉ» አሉ።

ከዚያ ስለ ቆሮሶ አጫወቱን። ወንዱ ጥልቅ ባልሆነው ዳርቻ አሸዋውን እየቆፈረ እንደ ድስት ክዳን ክብ የሆነ ጎድጓዳ ቦታ ያዘጋጃል፤ የተጠጋውን ሁሉ ያባርራል። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ትጥልና መልሳ በአፏ ትሰበስበዋለች። በአፏ እንደያዘች ይፈለፈላሉ። ከተፈለፈሉም በኋላ ጫጩቶቹ ራሳቸውን እስኪችሉ ትጠብቃቸዋለች፤ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ሁለት ሳምንት ያህል ይህ ሲሆን ምግብ የምትቀምሰው ከስንት አንዴ ነው። ሱብሓነላህ! በባዮሎጂ ክፍል ውስጥ ይህን ለተማሪዎች ስንት ጊዜ ጽፈንላቸዋል፤ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ አፍ ስንሰማው ግን ሌላ ሆነብን።

ውድ አንባቢያን፣ ስሕተታችን የተፈጸመው በዚሁ ቀን ነው።

ከእኛ ወዲያ፣ ፊላ በበቀለበት ጥግ፣ አንድ የ12 ዓመት ልጅ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ አጎበር ሲጎትት አየን። ቀረብ ብለን ስንመለከት ተማሪያችን ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በትምህርት ቤት፣ ቅዳሜ ደግሞ በመድረሳ እናስተምረዋለን። ባልዲው ውስጥ ከአውራ ጣት የማይበልጡ የቆሮሶ ጫጩቶች ተጨናንቀዋል። የአጎበር ቀዳዳ ጠባብ ነውና ከፊቱ የሚያመልጥ ነገር የለም። በዚያ ላይ አጎበሩ ትንኝ እንዲገድል መድኃኒት የተነከረ ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ ለዓሣ መርዝ ነው። ነርሱ ወንድማችን ሌላም አከለበት፤ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዳርቻ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ስላሉ ልጅ በባዶ እግሩ ውሃ ውስጥ መዋል አልነበረበትም።

እኛም ሁሉንም ባንድ ጊዜ አወረድንበት። ስለ ጫጩቶቹ፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ በሽታው፣ «የነገውን ዓሣ ዛሬ ጨረስከው» እስከማለት ድረስ በእንግዳውና በጓደኞቻችን ፊት ገሠጽነው። የተናገርነው ነገር አንዱም ሐሰት አልነበረም። ልጁ ቀና ብሎ አላየንም። «እሺ ኡስታዝ» አለና ባልዲውን ውሃው ውስጥ ገልብጦ፣ አጎበሩን ጠምዝዞ ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ። እኛ ደግሞ ጥሩ ትምህርት የሰጠን መስሎን ወደ መንጠቋችን ተመለስን።

አዛውንቱ ጥቂት ቆዩና ማንም በማይሰማበት ጠጋ ብለው፣ «መምህር፣ ያ ባልዲ እራታቸው ነበር» አሉን። «እናቱ አልጋ ከያዘች ሁለተኛ ወሯ ነው። አባቱ ሥራ ፍለጋ ሄዶ ድምፁ ጠፍቷል። ልጁ ነው ቤቱን የያዘው።»

ከልጁ ጋር በሳምንት ስድስት ቀን እንገናኛለን። ስሙን በየማለዳው እንጠራለን። የቤት ሥራ ሳይሠራ ሲመጣ ተቆጥተናል፤ ቅዳሜ ሲያንቀላፋ ቀስቅሰናል። ይህን ግን አንድም ቀን አልጠየቅነውም። ባልዲው ተገልብጦ ጫጩቶቹ በውሃው ላይ የተበተኑት ዓይናችን ላይ ቀረ። ከጫጩቶቹም ብዙዎቹ ሞተው ተንሳፈው ነበር፤ መመለሳቸው ለእነርሱም ለልጁም አልጠቀመም።

የዚያን ዕለት ማታ ከአዛውንቱ ጋር ወደ ልጁ ቤት ሄድን። አባታችን ሁለት ትልልቅ ቆሮሶ አጽድተው ይዘዋል፤ እኛም ከባለ ሱቁ ወንድማችን የተላከውን ዱቄትና ዘይት ተሸክመናል። እናቲቱ ከአልጋቸው ቀና ብለው «ልጄ አጠፋ እንዴ ኡስታዝ?» ብለው ሲጠይቁን ምን እንደምንመልስ ቸገረን። «የለም፤ ያጠፋነው እኛ ነን» አልናቸው። ለልጁም በሰው ፊት የገሠጽነውን በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅነው፤ በሚቀጥለው እሁድ፣ በእነዚያው ጓደኞቻችን መካከል። አንዳንድ ወላጆችና መምህራን «ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ ከጠየቀ ክብሩ ይቀንሳል» ትላላችሁ። የእኛ ልጅ ከዚያን ቀን በኋላ ትምህርቱን አልቀነሰም፤ መታዘዙንም አልተወም።

ነርሱ እናቲቱን ወደ ጤና ጣቢያ አስወስዶ ሕክምና እንዲጀምሩ አደረገ። አልሐምዱ ሊላህ፣ ዛሬ ቆመው ይሄዳሉ። ልጁም ከእኛ ጋር ማጥመድ ጀመረ። ልብስ ሰፊው ዝንብ አሠራር፣ አዛውንቱ በሸንበቆና በትል አጠማመድ አስተማሩት። እጁን ውሃ ውስጥ ነክሮ ዓሣውን ከራሱ ወደ ጭራው እየዳበሰ የጀርባውን እሾህ ማስተኛት ለመደ። እጅ የሚነከረው ለእሾሁ ብቻ አይደለም። በዓሣው ገላ ላይ ያለው ልጋግ ከበሽታ የሚጠብቀው ልብሱ ነው፤ ደረቅ እጅ ይገፈዋል። የሚመለስ ዓሣ ከሆነ ደግሞ ሳይቆይ፣ ሳይጣል፣ እዚያው ውሃው ውስጥ እንደተያዘ ይለቀቃል። የመንጠቆውን ጆሮ በፒንሳ ደፍጥጦ ማጥመድ ይህን ያቀላል፤ ከአፉ ሳይቀድ ይወጣልና።

ጓደኛሞቹም አንድ ደንብ አወጣን። ከስንዝር ያነሰ ዓሣና ጫጩት የያዘች እናት ይመለሳሉ። ነገር ግን የመለሰ ሰው ባዶ እጁን ወደ ቤቱ እንዳይገባ፣ ቀኑ ሲያበቃ ከየሰዉ ቅርጫት ድርሻ ይወጣለታል። ስሙን «የመላሽ ድርሻ» አልነው። ሐሳቡን ያመጡት አዛውንቱ ናቸው። «የጠገበ ሰው መመለስ አይከብደውም፤ የራበውን ግን እኛ ካላገዝነው በምን አቅሙ ይመልሳል?» አሉ።

ደንቡ የተፈተነው እንግዳችን ወደ አሜሪካ ሊመለስ በተቃረበበት እሁድ ነው። ያን ቀን ዓሣ ጠፍቶ ነበር። ነፋሱ ቀድሞ ተነስቶ፣ ውሃው ደፍርሶ፣ ሁላችንም አንድ አንድ ብቻ ይዘናል። ልጁ ምንም አልያዘም። ወደ አምስት ሰዓት ገደማ የእንግዳችንን ዘንግ ተውሶ ከፊላው ጠርዝ ላይ ዝንቧን አሳረፋት፤ ወዲያው ዘንጉ ጎበጠ። ሲያቀርበው ትልቅ ቆሮሶ ነው፤ ከሁላችንም የሚበልጥ። መንጠቆው የያዘው ከከንፈሯ ዳር ነበር። እጁን ነክሮ ሲይዛት ከአፏ ጥቁር ነጥብ የመሰሉ ነገሮች መዳፉ ላይ ወጡ። ጫጩቶች ናቸው፤ ዓይናቸው ይታያል።

«አትበላም አላሉኝም ነበር እንዴ?» አላቸው አዛውንቱን።

«ልትበላ አይደለም የመጣችው። ዝንብህ ልጆቿ አጠገብ ወድቃባት ነው የነከሰቻት» አሉት።

ማንም «መልሳት» አላለውም። እኛም ለመጀመሪያ ጊዜ ምላሳችንን ያዝን። ልጁ ባዶ ቅርጫቱን አየ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ መንጠቆውን አወጣና መዳፉን ውሃው ውስጥ ዘርግቶ ለቀቃት። ጫጩቶቹም ከጣቶቹ መካከል እየወጡ ተከተሏት። አንዷ ጣቱ ላይ ተጣብቃ ቀርታ ነበር፤ እርሷንም በውሃ አለቅልቆ አስወረዳት።

«ኡስታዝ፣ ታዲያ እሷ መቼ ነው የምትበላው?» ሲል ጠየቀን።

«ልጆቿ ራሳቸውን ሲችሉ» አልነው።

ዝም አለ። ያን ቀን ድርሻውን ተቀብሎ ከሁላችን ቀድሞ ወደ ቤቱ ሄደ።

እንግዲህ ውድ ወላጆችና ወጣቶች፣ ሐይቅ ዳር ለምትኖሩ ይህን ልናሳስባችሁ እንወዳለን። አጎበር ለወባ መከላከያ እንጂ ለዓሣ አልተሠራም። የዓሣ ሀብታችንን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል፤ አስቀድመው ግን አዛውንት አጥማጆች ያውቁት የነበረውን ጠይቁና ያዙ። ልጆቻችሁ ሲያጠምዱ ከውሃው ወጥተው ዳር ላይ ይቁሙ፤ ትልቅ ሰው አብሯቸው ይኑር። የሚበቃቸውን ሲይዙ ማቆምን ይልመዱ።

ለእኛ ለመምህራንና «ልጆችን እናርማለን» ለምንል ሁሉ ደግሞ አንድ ነገር አለን። አንድ ልጅ ስሕተት ሲሠራ ስናይ፣ እርማቱን ከመናገራችን በፊት ባልዲው ለማን እንደተሞላ እንጠይቅ። መልሱ ራት ከሆነ በመጀመሪያ ራቱን እንፈልግለት። ትምህርቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። በሐይቁ ዙሪያ የምንኖር ሰዎች ሁላችን ከአንድ ማዕድ እንበላለንና፣ አንዱ እንዲመልስ የምንሻ ከሆነ ሌላው ማካፈል ግድ ይለዋል።

አላህ የምናውቀውን በጊዜውና በአግባቡ የምንናገር ያድርገን። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።